ጎደሎ ዕቃ በሙሉ ዋጋ እስከ መቼ?



ለልጅ ትምህርትም ሆነ ለሥራ ኮምፒዩተር መግዛት ዛሬ የቅንጦት ነገር አለመሆኑ የታወቀ ነው። በሱቁ መስታወት ላይ የተለጠፈው ሌላ፣ ቤት ገብቶ የተገኘው ሌላ ሆኖበት አንጀቱ ያረረ ጎረቤትም አልጠፋም። ታዲያ ይኸ ሰው አቤት ሲል ምን ይባላል? «ምን ይደረግ፣ ዓይንህን ገልጠህ አትገዛም ነበር?» ይባላል። ይኸን የሚለው ሻጩ ብቻ ቢሆን ባልገረመን፤ የገዛ ጎረቤቱም ይለዋል። እኛ ይኸን አባባል ከሥሩ እንቃወማለን። ቲማቲም አገላብጦ፣ በርበሬ አሽትቶ መግዛት ይቻላል። የሜሞሪ ጉድለት ግን በምን ይሸተታል? ገዢው ያለው ነገር ቢኖር በሣጥኑ ላይ የተጻፈው ቃል ብቻ ነው። ስለሆነም ቃሉ ሐሰት ሆኖ ሲገኝ ዕዳው የጻፈው እንጂ ያነበበው ሊሆን አይገባም።

ነገሩን በማስረጃ ለማስረዳት፣ በአሜሪካን አገር የሆነውን እንመልከት። ኤንቪዲያ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2014 ጂ.ቲ.ኤክስ. 970 የሚባል ግራፊክስ ካርድ በ329 ዶላር ለገበያ አቀረበ። 4 ጊጋባይት ሜሞሪ አለው ተባለ። አለውም፤ ዳሩ ግን ሦስት ተኩሉ ፈጣን ሲሆን የቀረችው ግማሽ እጅግ ቀርፋፋ ነበረች። አንድ ኩንታል ማኛ ጤፍ ብሎ ሸጦ ከሥሩ 12 ኪሎ ተኩል ሠርገኛ እንደ መጠቅጠቅ ማለት ነው። ጤፍ አይደለም አይባልም፤ ግን ማኛ ነው ወይ? በዚህም አላበቃም፤ ምስሉን አጠናቀው የሚያወጡት የካርዱ ክፍሎች 64 ናቸው ተብሎ 56 ሆነው ተገኙ።

ይኸን ጉድ ያወጣው መንግሥት አይደለም፣ ፍርድ ቤትም አይደለም። ካርዱን የገዙ ተራ ሰዎች ናቸው። ጨዋታ ሲጫወቱ ሜሞሪው ሦስት ተኩል ላይ ሲደርስ እየተገተረ ቢያስቸግራቸው፣ «የኔም እንዲሁ ነው» እየተባባሉ ለኩት። ኩባንያው በጃንዋሪ 2015 እውነቱን ለመናገር ተገደደ። ምክንያቱንም ሲያስረዳ በመሐንዲሶቹና በማስታወቂያ ክፍሉ መካከል የተፈጠረ አለመግባባት ነው አለ። ኧረ ለመሆኑ ይኸ አለመግባባት የሚባል ነገር ሁልጊዜ ወደ ሻጩ የሚያጋድለው ለምንድን ነው? ተሳስቶ ያለውን አሳንሶ የጻፈ ነጋዴ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ገዢዎቹ ወዲያው በሚቀጥለው ወር ከሰሱ። አንዱ ለሁሉም ሆኖ የሚከስበት የቡድን ክስ ነው። በ2016 ኩባንያው ጥፋተኛ ነኝ ሳይል፣ በአሜሪካን አገር ለገዛ ሰው በአንድ ካርድ 30 ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

ኤ.ኤም.ዲ. የተባለውም እንዲሁ ነው። በ2011 ያወጣቸውን ኤፍ.ኤክስ. ፕሮሰሰሮች ስምንት ኮር ያላቸው ናቸው ብሎ አስተዋወቀ። ነገር ግን ኮሮቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ አንዳንድ የስሌት ክፍል የሚጋሩ ነበሩ። ስምንት ቤት አለኝ ብሎ አከራይቶ ወጥ ቤቱን ለሁለት ለሁለት ማካፈል! በ2015 ተከሶ በ2019 12.1 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

«ሠላሳ ዶላር ምን ይረባል?» የሚሉ አሉ። ልክ ናቸው፤ ከዋጋው አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ሲጌት የተባለው የሃርድ ዲስክ ኩባንያማ በ2007 ለገዢዎቹ ከዋጋው 5 በመቶ ወይም በምትኩ ነጻ ሶፍትዌር ለመስጠት ነው የተስማማው። በነገራችን ላይ በዚህ ጉዳይ ሻጩ ፈጽሞ ዋሸ ለማለት ያስቸግራል። ዲስክ ሠሪው በሺህ ሲቆጥር ኮምፒዩተሩ በ1,024 ስለሚቆጥር 500 የተባለው ዲስክ 465 ገደማ ሆኖ ይታያል። ይኸን አይታችሁ ሱቅ ሄዳችሁ እንዳትጣሉ።

የሆነ ሆኖ ገንዘቡ ቢያንስም፣ በሣጥን ላይ የተጻፈ ቁጥር ዋጋ የሚያስከፍል ቃል መሆኑ ታውቋል። ችግሩ ሌላ ነው። ያው ካርድ በዓለም ሁሉ ሲሸጥ ካሣው ለአሜሪካን ገዢ ብቻ ሆነ። እዚህ የገዛ ሰው ደረሰኝ ቢይዝም ሠላሳዋ ዶላር አትደርሰውም ነበር። ስለዚህ የኛ ነገር እዚሁ፣ ከሸጠልን ሰው ጋር የሚያልቅ መሆን አለበት።

ለዚህም ሕግ የለም እንዳይባል፣ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ ለደረሰበትም ጉዳት ካሣ የማግኘት መብት እንዳለው ደነገገ። አሳሳች ማስታወቂያንም ከለከለ። ነጋዴ ደረሰኝ እንዲሰጥ አስገደደ። እኛ ግን «ያለ ደረሰኝ ዋጋ እቀንስልሃለሁ» ሲባል ደስ ብሎን እንወጣለን! የተቀነሰችልን ገንዘብ እኮ የመከራከሪያችን ዋጋ ናት።

ከሁሉ የከፋችው ደግሞ ያቺ የውሸት ፍላሽ ናት። ኮምፒዩተሩን 64 ነኝ ብላ እንድትዋሽ ተደርጋ የተሠራች ስትሆን፣ ውስጧ 8 ብቻ ሊሆን ይችላል። ሲሞላ በፊት የነበረውን ፎቶና ሰነድ እያጠፋች ትቀበላለች። የጠፋውን የሠርግ ፎቶ ማን ይክሳል? እንደገዛችሁ እስከ አፏ ሙሏትና ፋይሎቹን መልሳችሁ ክፈቱ፤ ካልተከፈቱ በዚያው ቀን ይዛችኋት ተመለሱ።

ኮምፒዩተር የገዛችሁ ደግሞ ደረሰኛችሁን አውጥታችሁ እዩት። «ኮምፒዩተር 1» ብቻ ተብሎ ከሆነ፣ የፕሮሰሰሩን ስም፣ የሜሞሪውንና የዲስኩን ልክ፣ አዲስ ወይም ያገለገለ መሆኑን ሻጩ ጽፎ እንዲፈርምበት ጠይቁ። እምቢ ያለ ሻጭ ካጋጠማችሁ ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አስታውቁ፤ ብቻችሁን አትሂዱ፣ አብረን እንሄዳለን።