ጾም ሌላ፤ ራስን ማስራብ ሌላ



ባለፈው ወር በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች የጥናት ሰዓት ተነጋግረን ነበር። ዛሬ ደግሞ ከጥናት ስለሚቀድመው ስለ ማዕድ እንነጋገራለን። ነገሩ የሌላ ሰው ቤት ነገር ቢሆን ኖሮ ለመጻፍ በቀለለኝ ነበር፤ ዳሩ ግን የደረሰው በራሴ ቤት ነው፤ ከጥፋቱም የበዛው ክፍል የእኔ ስለሆነ ሳልሸሽግ ልንገራችሁ።

የእኅቴ ልጅ ለትምህርት ብላ ከእኛ ዘንድ ትኖራለች፤ ዕድሜዋ 16 ዓመት ነው። ባለፈው ዓመት ዐቢይ ጾም በገባ ጊዜ ከቤተ ሰቡ ሁሉ የበለጠች ጾመኛ ሆና ታየች። እኛ በዘጠኝ ሰዓት በመሶቡ ዙሪያ ተሰብስበን ሽሮውንና ምስሩን ስንበላ፣ እርስዋ ጥቂት የቲማቲም ሰላጣ ቀምሳ፣ ስኳር የሌለው ሻይ ጠጥታ «በቃኝ» ትላለች። ወጡን «ዘይት በዝቶበታል» ብላ ትተወዋለች፤ እንጀራውንም ቈርሳ ቈርሳ ከፊትዋ ታስቀምጠዋለች እንጂ ወደ አፍዋ አታደርሰውም። እኔም ይህን እያየሁ ደስ ይለኝ ነበር። እንግዳ በመጣ ቍጥር «ይህችን ልጅ እዩልኝ፤ እኛ ትልልቆቹ ስንደክም እርስዋ ትበረታለች» እያልሁ አመሰግናት ነበር። እርስዋም አንገትዋን ትደፋለች። እኔ ግን ይህን እንደ ትሕትና ቈጠርሁት።

ትንሣኤ ደረሰ። ከሌሊቱ ቅዳሴ ተመልሰን ማዕዱ ቀረበ፤ ባለቤቴም ለልጅቱ ብልቱን ከእንቍላሉ ጋር አወጣችላት። ልጅቱ ግን እንደ ሕማማቱ ሰሞን እጅዋን ሰበሰበች። ጾሙ ተፈታ፤ እርስዋ ግን አልፈታችም። የዚያን ጊዜ ባለቤቴ ቀና ብላ ወደ እኔ ተመለከተች፤ እኔም የምመልሰው ቃል አጥቼ አቀረቀርሁ።

በግንቦት ወር ተማሪዎች ለሰንደቅ ዓላማ ተሰልፈው ሳሉ ራስዋን ስታ ወደቀች። ሐኪሙ መርምሮ ደምዋ ማነሱን፣ የልብዋ ምት መዘግየቱን፣ የወር ልማድዋም ከተቋረጠ ወራት ማለፉን ነገረን። ማታ አንድ ደብተር አውጥታ ሰጠችን። በየቀኑ የበላችው ጕርሻና የሰውነትዋ ክብደት ተመዝግቦበታል፤ ሥርዐቱንም የተማረችው ከእጅ ስልክዋ ነው። «ምነው ልጄ፣ ስለ ምን አልነገርሽንም?» ብላት፣ «ጋሼ፣ እርስዎ በሰው ፊት እያመሰገኑኝ እንዴት ብዬ ልንገርዎ?» አለችኝ። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

እንግዲህ እኔ ዲቁናን የተማርሁ፣ ኋላም በአስኳላ የማስተምር ሰው ጾምን ከረኀብ ለይቼ ማየት ካቃተኝ፣ ሌላው ወላጅ ቢሳሳት ምን ይደንቃል? ስለዚህ ልዩነቱን እንመልከት።

ጾም ጊዜ አለው፤ የሚገባበትና የሚፈታበት ቀን የታወቀ ነው። ጾም ጸሎትና ምጽዋት ይከተሉታል፤ ብቻን ተደብቀው የሚይዙት ሳይሆን ከምእመናን ሁሉ ጋር የሚጾሙት ነው። ጾመኛ እህልን አይጠላም፤ እንዲያውም ማዕዱን ባርኮ ይቀርባል፣ በበዓሉም ደስ ብሎት ይበላል። ሕጉም ለሕፃናት፣ ለሕመምተኞች፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለአራሶች ይራራል። ለቅጥነት ብሎ ራስን ማስራብ ግን ፋሲካ የለውም። ሚዛኑ ዛሬ አንድ ኪሎ ቢቀንስ ነገ ሌላ ይጠይቃል። የሚነዳውም ፍርሃት ነው፤ እህልን እንደ ጠላት፣ ሥጋን እንደ ባለ ዕዳ ያሳያል።

ነቢዩ ኤልያስ በምድረ በዳ ተስፋ ቈርጦ ሞትን በለመነ ጊዜ የሆነውን እናስታውስ። መልአኩ ከእንቅልፉ ቀስቅሶ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፤ አንድ ጊዜም አልበቃውም፣ ሁለተኛ ቀስቅሶ አበላው። ወደ ኮሬብ ያደረሰው የአርባ ቀን መንገድ የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ራስን ማስራብ በሰው ላይ ምን እንደሚያደርስ በሳይንስ መንገድ ከተመረመረ ቆይቷል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፣ በ1937 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1944ና በ1945)፣ አንሰል ኪስ የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶችን በፈቃዳቸው መረመረ። ዓላማው በጦርነት የተራቡትን ሕዝቦች እንዴት መመገብ እንደሚገባ ለማወቅ ነበር። ሰዎቹ ቀድሞ በቀን 3,200 ካሎሪ ያህል ይበሉ ነበር፤ ከዚያ ለ24 ሳምንታት ወደ 1,570 ካሎሪ ገደማ ተቀነሰባቸው። ከሰውነታቸው ክብደት ሩብ ያህሉን አጡ። የልባቸው ምት ዘገየ፤ በበጋ እንኳ ይበርዳቸው ጀመር፤ ተቈጪና ትካዜኛ ሆኑ። ስለ ምግብ ብቻ የሚያስቡ፣ ሌሊት ስለ ምግብ የሚያልሙ፣ የወጥ አሠራር መጻሕፍትን የሚሰበስቡም ነበሩ። ፈተናው አልቆ እንዳሻቸው ሲበሉ ክብደታቸው ተመለሰ፤ ስባቸውም ከቀድሞው አልፎ ተገኘ።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ልብ ብለህ ተመልከት። ከዚያ የረኀብ መጠን ያነሰ ምግብ የሚያዝዙ የቅጥነት ሥርዐቶች ዛሬ በእጅ ስልክ ላይ ሞልተዋል። ሰውነት ግን በፈቃድ መራብንና በድርቅ መራብን ለይቶ አያውቅም፤ እህል ሲያጣ ወጪውን ይቀንሳል፤ እህል ሲያገኝ ለክፉ ቀን ያከማቻል። ተርቦ የቀነሰ ሰው ብዙ ጊዜ ተመልሶ የሚወፍረው ፈቃዱ ስለ ደከመ ብቻ ሳይሆን ሥጋው ራሱን ስለሚከላከል ነው። አባቶቻችን «ቶሎ ቶሎ ቤት፣ ግድግዳው ሰንበሌጥ» ያሉት ለዚህም ይሠራል። በዕድገት ላይ ላለች ልጅ ደግሞ ጕዳቱ ይከፋል፤ የአጥንትዋ ጥንካሬ አብዛኛው የሚከማቸው 20 ዓመት ሳይሞላት ነውና፣ የወር ልማድዋም ደምዋን ስለሚወስድ ብረት ያለበት ምግብ ከወንድሞችዋ ይልቅ ያስፈልጋታል።

ታዲያ ምን እንብላ? መልሱ ከመሶባችን አይርቅም። የእህል ዘር ብቻውን የሚጐድለውን የገንቢ ምግብ ክፍል ጥራጥሬ ይሞላዋልና፣ እንጀራን በሽሮ፣ በምስር ወይም በአተር ክክ መብላት ጥበብ ነው። ሊጡ መቡካቱም ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ ብረትና ሌሎች ማዕድናት ወደ ደም እንዳይገቡ የሚያስረውን ነገር ይቀንሰዋል። በምስሩ ላይ ቲማቲም፣ ቃሪያ ወይም ሎሚ ሲጨመርበት ብረቱ ይበልጥ ይዋሐዳል፤ ቡናና ሻይ ግን ያግዱታልና ከማዕዱ አንድ ሰዓት ያህል ቢርቁ መልካም ነው። ጎመኑና ካሮቱ ለዐይን የሚጠቅመውን ክፍል የሚሰጡት ጥቂት ዘይት ሲኖራቸው ነውና፣ ዘይትን ፈጽሞ መፍራት አይገባም። ተልባው፣ ሱፉና ሰሊጡም የጾም ወራት በረከቶች ናቸው። ቫይታሚን ቢ 12 የተባለው ግን ከአትክልትና ከእህል አይገኝም፤ ስለዚህ በፍስክ ቀን ወተቱን፣ እንቍላሉን፣ በተቻለም ጊዜ ሥጋውን መናቅ ስሕተት ነው። በ2014 ዓ.ም. የወጣው የአገራችን የአመጋገብ መመሪያም የሚመክረው ምግብን በዐይነት በዐይነቱ እንድንበላ ነው።

ይህን ስል ውፍረት ሁሉ ጕዳት የለውም ማለቴ አይደለም። ስኳር በሽታና የደም ግፊት በብዙ ቤት ገብተዋል፤ ሐኪም ክብደትህን ቀንስ ያለው ሰው ሊታዘዝ ይገባዋል። ዳሩ ግን መንገዱ ለአንድ ወር ተርቦ በሁለተኛው ወር መመለስ ሳይሆን፣ ዕድሜ ልክ ሊዘልቁበት የሚቻል ልማድ መያዝ ነው፤ ለስላሳ መጠጥን በውኃ መለወጥ፣ ጨውንና ስኳርን መቀነስ፣ የጥራጥሬውንና የአትክልቱን ድርሻ ማብዛት፣ በየቀኑ በእግር መሄድ። መድኃኒት የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛም ከመጾሙ በፊት ሐኪሙንም የነፍስ አባቱንም ያማክር።

ለወላጆች ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። በእኛ ልጅነት «ወፈርህ» መባል ምስጋና ነበር፤ ጤናና ጥጋብ ማለት ነበርና። ዛሬ ያው ቃል የልጆችን ልብ ያቈስላል፤ «ከሳሽ» ማለትም እንደ ሽልማት ይቈጠራል። ስለዚህ በቤታችን የሰው ሰውነት በማዕድ ላይ እንዳይነሣ ተስማምተናል። ልጅ ብቻውን መብላት ሲወድ፣ ከሚዛን ሲጣበቅ፣ በፍስክም እንደ ጾም ሲከለከል ብታዩ፣ አትቈጡ፤ አታመስግኑም፤ ቀርባችሁ ጠይቁ፣ ፈጥናችሁም ወደ ሐኪም ውሰዱ። ይህ በጊዜ ካልተያዘ እስከ ሞት የሚያደርስ ሕመም ነው።

የእኅቴ ልጅ በሐኪም እርዳታ እየተሻላት ነው፤ ፈጽማ ግን ገና አልዳነችም። ፍልሰታ በደረሰ ጊዜ የነፍስ አባታችን እንዳትጾም አዘዝዋት። አፈረች፤ ሕፃናት ሳይቀሩ በሚጾሙት ጾም እርስዋ ብትበላ ሰው ምን ይላል ብላ አለቀሰች። ባለቤቴ ወደ ቅዳሴ ከመሄድዋ በፊት ወተቱን አፍልታ ትተዋለች፤ እኔም በየማለዳው ሁለት እንቍላል ቀቅዬ፣ ልጬ፣ በፊትዋ አስቀምጬ፣ እስክትጨርስ ድረስ አጠገብዋ እቀመጥ ነበር። በመጀመሪያው ቀን አንዱን ለመብላት ግማሽ ሰዓት ፈጀባት። በአሥራ ስድስተኛው ቀን፣ በበዓሉ ማለዳ፣ ከመሶቡ ቀርባ ሳንጠይቃት እንጀራውን ቈረሰች፤ አስቀድማም ለእኔ አጐረሰችኝ።

ማዕዳችንን ይባርክልን፤ በማዕዳችን ዙሪያ ያሉትንም ልጆች ይጠብቅልን።