ዲፎልት ውሳኔ አይደለም

አንድ ፕሮግራመር በአዲሱ ላፕቶፑ ላይ ቢልድ ያደረገው የሲ ፕላስ ፕላስ ፕሮግራም እሱ ጋ ያለ እንከን ይሠራል። ደንበኛው ቆየት ባለ የሊኑክስ ሰርቨር ላይ ሲያስነሣው ግን የሚፈለገው የላይብረሪ ቨርዥን አልተገኘም የሚል መልእክት አሳይቶ ወዲያው ይቆማል። ኮዱ ውስጥ አንድም ስሕተት የለም። ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው?

ብዙ ሰው ሰርቨሩን ይወቅሳል። ነገሩ ግን ከዚያ በፊት ተበላሽቷል። ፕሮጀክቱ ሲጀመር ስታንዳርድ ላይብረሪውን የመረጠ ሰው አልነበረም፤ ዲፎልት መረጠለት።

ሲ ፕላስ ፕላስ አንድ ቋንቋ ቢሆንም ስታንዳርድ ላይብረሪው አንድ አይደለም። ስታንዳርዱ ስትሪንግና ቬክተር ምን መሥራት እንዳለባቸው ይደነግጋል፤ ሜሞሪ ውስጥ እንዴት እንደሚቀመጡ ግን ለሠሪዎቹ ይተወዋል። ዛሬ በሰፊው የሚሠራባቸው ሦስት ናቸው፦ በአብዛኛው ሊኑክስ ላይ ያለው የጂኤንዩ፣ በማክ፣ በአይፎንና በአንድሮይድ ላይ ያለው የኤልኤልቪኤም፣ ከቪዥዋል ስቱዲዮ ጋር የሚመጣው የማይክሮሶፍት።

ትልቁ ወጥመድ እዚህ ላይ ነው። ኮምፓይለር የመረጠ ሰው ላይብረሪም የመረጠ ይመስለዋል። ክላንግ የኤልኤልቪኤም ልጅ ነው፤ ሊኑክስ ላይ ግን ካልታዘዘ በቀር አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው የጂኤንዩን ላይብረሪ ነው። ያው ክላንግ ማክ ላይ ሲሆን የኤልኤልቪኤምን ይይዛል።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በ64 ቢት ማሽን ላይ የጂኤንዩ ስትሪንግ 32 ባይት ሲይዝ የኤልኤልቪኤም 24 ባይት ይይዛል። የመጀመሪያው እስከ 15 ባይት የሚደርስ ጽሑፍ፣ ሁለተኛው እስከ 22 ባይት ተጨማሪ ሜሞሪ ሳይጠይቁ በውስጣቸው ያስቀምጣሉ። በአንዱ ቢልድ የተደረገ ክፍል ስትሪንጉን በሌላው ለተሠራ ክፍል ቢሰጥ ተቀባዩ የሚያነበው ሌላ ነገር ነው። ብዙ ጊዜ ሊንከሩ ስሙን አላገኘሁትም ብሎ ይጮኻል፤ ይህ ዕድል ነው። ስትሪንጉ በሌላ ስትራክት ውስጥ ተሸሽጎ ካለፈ ግን ሊንከሩ ዝም ይላል፤ ፕሮግራሙም ደንበኛው እጅ ላይ ይሞታል።

ያው ላይብረሪ እንኳ ከራሱ ጋር ሊጣላ ይችላል። ጂሲሲ 5 እ.ኤ.አ. በ2015 ሲወጣ የስትሪንጉን አሠራር ስለለወጠ አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን እንዲኖሩ ተደረገ። ሶርስ ኮዱ እጃቸው ላይ የሌለ የቆየ ላይብረሪ የሚጠቀሙ ቡድኖች የከፈሉትን ዋጋ ያውቁታል።

ሜሞሪን ያልነካ ልዩነትም አለ። ታዋቂው የመርሴን ትዊስተር ጄኔሬተር በተመሳሳይ መነሻ ቁጥር በሦስቱም ላይ አንድ ዓይነት ውጤት ይሰጣል። ከ1 እስከ 6 ያለ ቁጥር አውጣ ተብሎ በዲስትሪቢውሽን ሲያልፍ ግን ስታንዳርዱ ስሌቱን ስላልወሰነ ውጤቱ ሊለያይ ይችላል። ሊኑክስ ላይ ያለፈ ቴስት ማክ ላይ የሚወድቅበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

እንግዲያው የኤልኤልቪኤምን ላይብረሪ በሁሉም ቦታ ማስገደድ ነው የሚሉ አሉ። ሐሳቡ ያማልላል፤ ክሮሚየምም የራሱን የኤልኤልቪኤም ላይብረሪ ይዞ ይዞራል። ግን ክሮሚየም የሚጠቀምባቸውን ላይብረሪዎች ከሞላ ጎደል ራሱ ከሶርስ ቢልድ ያደርጋል። አምስት ሰው ያለው ቡድን ይህን አቅም ከየት ያመጣል? ኡቡንቱ ላይ በአፕት የሚጫኑት ቡስትና ኪውት የተሠሩት በጂኤንዩ ላይብረሪ ነው፤ እሱን የተወ ሰው ሁሉንም እንደገና ሊሠራ ነው። ከፕላትፎርሙ ባለቤት ጋር መታገልም አያዋጣም። እ.ኤ.አ. በ2018 አፕል የጂኤንዩን ላይብረሪ ከኤክስኮድ 10 አወጣ፤ በዚያው ዓመት የአንድሮይድ ኤንዲኬ 18ኛ ቨርዥንም ሌሎቹን አስወግዶ የኤልኤልቪኤምን ብቻ አስቀረ።

ስለዚህ የሚሻለው በየአገሩ የአገሩን ላይብረሪ መያዝ ነው። ምርጫው ግን በጽሑፍ ይስፈር፤ ቦታውም ይታወቅ። ለሌሎች የሚሆን ላይብረሪ የሚሠራ ሰው ይህን አማራጭ በራሱ የሲሜክ ፋይል ውስጥ ቸንክሮ ማስቀመጥ የለበትም፤ ተጠቃሚውን ያስራል። ውሳኔው የመጨረሻውን ፕሮግራም የሚያወጣው ሰው ነው፤ ቦታውም የቱልቼይን ፋይሉ ነው፤ የመጀመሪያው ጥገኛ ላይብረሪ ቢልድ ከመደረጉ በፊት። ለቆዩ የሊኑክስ ሰርቨሮች የሚሄድ ፕሮግራም ደግሞ ድጋፍ ከሚሰጣቸው ሲስተሞች ሁሉ በዕድሜ ትልቁ ላይ፣ በኮንቴይነር ውስጥም ቢሆን፣ ቢልድ ይደረግ።

ሁለት ባላ ትከል፣ ቢሰበር አንዱ በአንዱ ተንጠልጠል ይባላል። ለቴስት ይህ ትክክል ነው፦ ሊኑክስ ላይ አንድ ተጨማሪ ቢልድ በኤልኤልቪኤም ላይብረሪ ማስኬድ የተረሳ ኢንክሉድን ቀድሞ ያጋልጣል። በሁለቱ መካከል ስትሪንግ እየተቀባበሉ በአንድ ፕሮግራም ውስጥ መደባለቅ ግን ባላውን ራሱን መስበር ነው።

በቱልቼይን ፋይል ውስጥ ጥቂት መስመር ለመጻፍ የሚፈጀው ደቂቃ ነው። ሳይጻፍ ሲቀር የሚከፍለው ደግሞ ሌሊት ስልክ የሚደወልለት ሰው ነው። ሳይቃጠል በቅጠል።