ፍርሃት በፈቃድ፣ ፍርሃት በግዳጅ

የቀይ ሽብርን ታሪክ ከወላጆቹ አንደበት እየሰማ ያደገ ሰው ፍርሃትን ለጨዋታ ይሻልን? ለዶክትሬት ትምህርት በሄድሁበት የአውሮፓ ከተማ፣ ለሦስት ዓመታት በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ማታ አንድ ረጅም የአስፈሪ ታሪክ ጨዋታ እመራ እንደ ነበር የሰሙ ወዳጆቼ የሚያነሡብኝ ጥያቄ ይህ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ከጨዋታ አልፎ ፖለቲካን ይነካል።

ነገሩን ለማያውቁ አንባብያን ጥቂት ልበል። ጨዋታው በወረቀት፣ በእርሳስና በዳይስ፣ በጠረጴዛ ዙሪያ የሚካሄድ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ሆኖ ይናገራል፤ መሪው ግን ዓለሙን፣ ጠላቱንና ምስጢሩን ሁሉ ይይዛል። የእኛው «ኮል ኦቭ ክቱሉ» ይባላል፤ ሳንዲ ፒተርሰን በአሜሪካዊው ደራሲ ኤች. ፒ. ላቭክራፍት ሥራዎች ላይ ተመሥርቶ አዘጋጅቶት እ.ኤ.አ. በ1981 ታተመ። የመራሁት «ማስክስ ኦቭ ናያርላቶቴፕ» የተሰኘውን፣ እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣውን ታሪክ ነው፤ በ1925 ከኒውዮርክ ተነሥቶ በለንደን፣ በካይሮና በኬንያ በኩል እስከ ሻንጋይ ይዘልቃል።

በዚህ ጨዋታ ጀግናው ጭራቅ እየገደለ አይጎለብትም። የአእምሮ ጤንነቱ በቁጥር ይለካል፤ ስለ ድብቁ ዓለም ያለው ዕውቀት በጨመረ መጠን የጤንነቱ ጣሪያ ዝቅ ይላል። ዕውቀት ያሳብዳል፣ አለማወቅ ምሕረት ነው እንደ ማለት ነው። ይህ ፍልስፍና ለእኛ ባዕድ አይደለም፤ «ይህን ማወቅ አይበጅህም» የሚል ሹም ሁሉ የሚሰብከው ይህንኑ ነው።

ሦስቱ ዓመታት ያሳዩኝ ግን ተቃራኒውን ነው። ተጫዋቾቼ ያገኙትን ደብዳቤና የጋዜጣ ቁራጭ በጠረጴዛው ላይ ዘርግተው በተወያዩ ጊዜ፣ ጤንነታቸው ቢጎዳም፣ ከሞት አመለጡ። «ሌሎቹን ላስፈራ አልፈልግም» ብሎ ምስጢሩን በኪሱ የያዘው ግን ሁለት ባልንጀሮቹን ይዞ ጠፋ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው ገጽ ጭራቅ የሌለበት ነው። በታሪኩ መነሻ አንድ አሜሪካዊ ሀብታም የመራው የጉዞ ቡድን ኬንያ ውስጥ ያልቃል፤ የቅኝ ግዛቱ ባለሥልጣናት የናንዲ ተወላጆችን ወንጅለው ይሰቅላሉ፤ መዝገቡም ይዘጋል። ይህ ልቦለድ ነው። ናንዲዎች ግን እውነተኛ ሕዝብ ናቸው፤ መሪያቸው ኮይታሌል አራፕ ሳሞይ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1905 ለድርድር በተጠሩበት ስፍራ በእንግሊዛዊው መኮንን ሪቻርድ ማይነርትዝሃገን አማካይነት ተገድለዋል። ወንጀልን በአንድ ሕዝብ ላይ ለመለጠፍ ማስረጃ አያስፈልግም፤ የፈራ አድማጭ ይበቃል። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» እንዲሉ፣ የደነገጠ ሕዝብ ልጡን እባብ ነው ያለውን ሁሉ ያምናል። ላቭክራፍት ራሱ ዘረኛ ነበር፤ ባዕዳንን ከአስፈሪው ነገር ጋር አዛምዶ ጽፏል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ታሪክ የሚመራ ሰው መጽሐፉን እየመረመረ እንጂ እየተቀበለ ሊመራ አይገባም። ተጫዋቾቼ የተሰቀሉትን ሰዎች ንጽሕና በአደባባይ ማስመስከርን ዓለምን ከማዳን እኩል ግባቸው አደረጉት፤ መጽሐፉ አላዘዛቸውም፤ ኅሊናቸው እንጂ።

ታዲያ የጨዋታው ፍርሃት ከእውነተኛው ሽብር በምን ይለያል? በጠረጴዛው ራስ የተቀመጠው መሪ ፍጹም ሥልጣን ያለው ይመስላል። ሆኖም ገና ሳንጀምር የማንገባባቸውን ጉዳዮች ተስማምተን ለይተን ነበር። ማንም ሰው እጁን አንሥቶ፣ ምክንያቱን ሳይናገር፣ ትዕይንቱን ማስቆም ይችል ነበር። ዳይሱን የምጥለው ሁሉም እያየ ነው፤ የወጣው ቁጥር የእኔን ዕቅድ ቢያፈርስም እቀበለዋለሁ። የሰለቸውም ኮቱን ለብሶ ቤቱ ይሄዳል። በቀይ ሽብር ዘመን ወጣቶች ከቤታቸው ሲወሰዱ ፈቃዳቸውን የጠየቀ፣ «ይብቃ» ሲሉ የሰማ፣ ማስረጃውን ለወላጆቻቸው ያሳየ አልነበረም።

ውድ አንባብያን! በጠላት ስም እንድትፈሩ የሚያሳስባችሁ ባለሥልጣን ወይም የፖለቲካ ድርጅት ሲመጣ፣ እኔ ለአምስት ጓደኞቼ የነበረብኝን ግዴታ ለእናንተ ይፈጽም እንደ ሆነ ጠይቁት። ማስረጃው የታለ? ሕጉ እርሱንስ ያስራልን? «ይብቃ» ያለ ዜጋ በሰላም ቤቱ ይገባልን? አምስት ሰዎች ለጨዋታ የጠየቁትን ሕዝብ ለሕይወቱ ቢጠይቅ አይበዛበትም።

ቸር ይግጠመን።