ዋና አዘጋጁን ማን ያስታውሰዋል?

ሱፐርሂሮ የምትወዱ የድሮ ተማሪዎቼ፣ የኮሚክ ደራሲና ሰዓሊ ታደንቃላችሁ። ዋና አዘጋጁስ? እኔ የምለው፣ ጠንከር ያለ አዘጋጅ ከሌለ ጀግናው ጉልበተኛ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣውን የኤክስ-ሜን ታሪክ ውሰዱ። ጂን ግሬይ ኃይሏን መቆጣጠር አቅቷት አንድ ኮከብ አጠፋች፤ በዙሪያው በምትዞረው ዓለም የሚኖሩ ቢሊዮኖች አለቁ። ደራሲው ክሪስ ክሌርሞንትና ሰዓሊው ጆን በርን ኃይሏን ብቻ አጥታ እንድትኖር ነበር ያሰቡት። የማርቭል ዋና አዘጋጅ ጂም ሹተር ግን ያን ሁሉ ሕዝብ ፈጅታ እንዲሁ በቀላሉ መታለፏን አልተቀበለም። መጨረሻው ተቀየረ፤ ጂን ሞተች። ታሪኩ እስከ ዛሬ የሚወራለት በዚያ ሞት ነው።

ስድስት ዓመት ሳይሞላ ግን ኤክስ-ፋክተር የሚባል አዲስ መጽሔት ሊጀመር ሲል ጂን ተመለሰች። ጥፋቱን የሠራችው እሷ አይደለችም፣ መልኳን የያዘ ሌላ ኃይል ነው ተባለ። ያኔም ዋና አዘጋጁ ሹተር ነበር! የጠየቀውን ዋጋ ራሱ መለሰው።

ስለዚህ ታሪክ ሲያስደስታችሁም ሲያናድዳችሁም ከደራሲው ስም አልፋችሁ፣ በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን የአዘጋጁን ስም ፈልጉ።

እናንተስ? ጂን ሞታ መቅረት ነበረባት?