ለቀብራችን በየወሩ እናዋጣለን፤ ለሕመማችንስ?

ቢስሚላሂር ረሕማኒር ረሒም



በዚህ ወር ዓምዳችን የምናነሣው ጉዳይ ብዙዎቻችን በየጁምዓው በዓይናችን የምናየው ነው። ሶላቱ ተሰግዶ ኢማሙ ካሰላመቱ በኋላ አንድ ወንድም ከኋላው ሰፍ ይነሣል፤ በእጁ የሐኪም ወረቀት ይዟል። ኢማሙ ስለ በሽተኛው ጥቂት ይናገራሉ፤ ኮፊያ ይዞራል፤ ጀማዓውም እንደ አቅሙ ይጥላል። ሕዝባችን ቸር ነው፤ የሌለው እንኳ ለታክሲ የያዘውን ጥሎ በእግሩ ይሄዳል። አላህ ከሁሉም ይቀበል። ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ቸርነት በኋላ የበሽተኛው ቤተሰብ ባዶ እጁን ሲቀር እናያለን። ለምን ይሆን?

ከሁለት ዓመት በፊት ቡራዩ ውስጥ እንዲህ ከተሰበሰበላቸው አባቶች አንዱን በቅርብ አውቃቸዋለሁ። ዕድሜያቸውን በጥበቃ ሥራ አሳልፈው ጡረታ የወጡ፣ ከልጃቸው ጋር በአንድ ቤት የሚኖሩ ሰው ናቸው። የጡረታ ገንዘባቸው የወሩን አስቤዛ እንኳ አይሸፍንም። ልጃቸው ባጃጅ ይነዳል፤ ባጃጇንም የገዛት ለዓመታት እቁብ ጥሎ ነው። አባት ሽንት አስቸግሯቸው ሲመላለሱ ከርመው ቀዶ ጥገና ታዘዘላቸው። እኛ በጁምዓ የሰበሰብነው ለምርመራውና ለመጀመሪያው ክፍያ ሆነ፤ ለቀረው ባጃጇ ተሸጠች። አልሐምዱ ሊላህ፣ አባት ድነዋል። ልጁ ግን ዛሬ የሰው ባጃጅ እየነዳ በየቀኑ ለባለቤቱ ገቢ ያደርጋል።

ይህን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። አባት ከመታመማቸው ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በምዝገባው ወቅት፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የዚያን ቤት በር አንኳኩተው ነበር። ልጁም ወደ እኔ መጥቶ፣ «የጤና መድን ተመዝገብ፣ አባትህንም አስመዝግብ እያሉኝ ነው፤ ዲናችን ይፈቅደዋል ወይ?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም ሳላጣራ፣ ማንንም ዓሊም ሳልጠይቅ፣ «ኢንሹራንስ መሆኑ መቼ ይቀራል፤ ይቅርብህ» አልኩት። ያለ ዕውቀት የተነገረች አንዲት ቃል ምን ያህል እንደምታስከፍል የገባኝ ባጃጇ ስትሸጥ ነው። ከዚያ ወዲህ ነገሩን ጠይቄ አጣርቻለሁ። ያገኘሁትንም እነሆ ለእናንተ አቀርባለሁ፤ እኔ የሠራሁትን ስሕተት ሌላው እንዳይደግመው።

ይህ መድን ምንድን ነው?

ስሙ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ይባላል። በአገራችን የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በደቡብና በትግራይ ክልሎች በተመረጡ 13 ወረዳዎች ለሙከራ ነው። ከእነዚህም አንዷ ከሱሉልታ ተነሥቶ በጎጃም መንገድ ለሚጓዝ ሰው የምታጋጥመው የኩዩ ወረዳ ናት። በዚያን ጊዜ በኦሮሚያ የአንድ ቤተሰብ መዋጮ በወር 15 ብር ነበር። መዋጮው ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ጨምሯል። መድኑም በአብዛኛው የአገሪቱ ወረዳ ተዳርሷል። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ ሥር ስለተጠቃለሉ፣ የዓመቱን መዋጮና የምዝገባውን ቀን የሚነግሯችሁ በየአካባቢያችሁ ያሉት የሸገር ከተማ ጽሕፈት ቤቶችና ጤና ጣቢያዎች ናቸው።

አሠራሩ ቀላል ነው። የሚመዘገበው ግለሰብ ሳይሆን ቤተሰብ ነው። ባል፣ ሚስትና ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች በአንድ መዋጮ ይካተታሉ፤ አብረው የሚኖሩ ሌሎች የቤተሰብ አባላት ደግሞ ተጨማሪ እየተከፈለላቸው ይገባሉ። ክፍያው በዓመት አንድ ጊዜ ነው። ቤተሰቡ ደብተር ይሰጠዋል፤ ሲታመም ደብተሩን ይዞ ውል ወደተገባለት ጤና ጣቢያ ይሄዳል። ጤና ጣቢያው ከአቅሙ በላይ ሲሆንበት ሪፈር ጽፎ ወደ መንግሥት ሆስፒታል ይልካል። ምርመራ፣ በጤና ተቋሙ ውስጥ ያለ መድኃኒት፣ አልጋና ቀዶ ጥገና በዚህ ይሸፈናሉ። ውጭ አገር ሄዶ መታከም፣ ለውበት የሚደረግ ሕክምና፣ ሰው ሠራሽ ጥርስና የዓይን መነጽር ግን አይሸፈኑም።

«ታዲያ ስታመም አልመዘገብም ወይ?» የሚል ብዙ ነው። ምዝገባው ወቅት አለው፤ አብዛኛውን ጊዜ መኸር ከገባ በኋላ በበጋው ወራት ነው የሚካሄደው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የታመመ ሰው ብቻ የሚያዋጣ ከሆነ ሣጥኑ በአንድ ወር ባዶ ይሆናል። ዘንድሮ ጤነኛ የሆነው የታመመውን ይሸከማል፤ ከርሞ እርሱ ሲታመም ሌላው ይሸከመዋል።

ዲናችንስ ምን ይላል?

እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። የኢስላም ትብብር ድርጅት የፊቅህ አካዳሚ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1985 በጅዳ ባደረገው ጉባኤው ጉዳዩን መርምሮ ሁለቱን ለይቷቸዋል። በተወሰነ ክፍያ የሚገባው የንግድ ኢንሹራንስ ውል ከባድ ገረር፣ ማለትም መጨረሻው የማይታወቅ ነገር ስላለበት አልተፈቀደም። በበጎ መዋጮና በመረዳዳት ላይ የቆመው የትብብር መድን ግን ተፈቅዷል። ወደ ዑለማዎቻችን ሄጄ የእኛን አገር አሠራር ሳስረዳቸው፣ ባለ አክሲዮን የሚያተርፍበት እንዳልሆነ፣ የጎደለውንም መንግሥት እንደሚደጉም ሲረዱ፣ ይህ ከንግዱ ይልቅ ለተዓውን የቀረበ ነው፤ ሰውየውም ሲያዋጣ ለወንድሞቹ መረዳጃ ብሎ ይነይት አሉኝ። የተጠራጠረ ሰው ደግሞ የሚያምነውን ዓሊም ይጠይቅ፤ እኔ እንዳደረግሁት በራሱ አይፍረድ።

የአሽዓሪዮችን ታሪክ ማን ያላነበበ አለ? አቡ ሙሳ (ረ.ዐ.) እንዳወሩት፣ እነዚህ ሰዎች በዘመቻ ላይ ስንቅ ሲያልቅባቸው፣ ወይም መዲና ውስጥ የቤተሰባቸው ቀለብ ሲያንስ፣ ያላቸውን ሁሉ በአንድ ጨርቅ ላይ ሰብስበው በአንድ ዕቃ እየሰፈሩ እኩል ይካፈሉ ነበር። ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ.) ስለዚህ ሥራቸው አመስግነዋቸው ከራሳቸው ወገን ቆጥረዋቸዋል። ጨርቁ ላይ ብዙ ያስቀመጠም ትንሽ ያስቀመጠም ያነሣው እኩል ነው።

«ሕመምም ጤናም ከአላህ ነው፤ እኔ በአላህ ተወክያለሁ» የሚልም አለ። እውነት ነው፤ ሁሉም ከአላህ (ሱ.ወ.) ነው። ነገር ግን ግመሉን ሳያስር በአላህ ሊመካ የፈለገውን ሰው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) መጀመሪያ እንዲያስር፣ ከዚያ እንዲመካ አዘውታል። ደብተር ማውጣት ግመልን ማሰር ነው።

ጡረተኛው የት ይውደቅ?

ሕጉ ሰዉን በሁለት መድን ከፍሎታል። ገበሬውና በግሉ ሠርቶ የሚያድረው ወደ ማኅበረሰብ አቀፉ መድን ይገባል። ደመወዝተኛውና ጡረተኛው ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 690/2002 ወደ ማኅበራዊ ጤና መድን እንዲገቡ ተወሰነ። ለዚህም ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪው 3 በመቶ፣ ጡረተኛው ከአበሉ 1 በመቶ እንዲያዋጡ ታስቦ ነበር። የዚህኛው አፈጻጸም ግን ከዓመት ወደ ዓመት ሲተላለፍ ብዙ አባቶችና እናቶች በመካከል ቀሩ።

ታዲያ ምን ይሻላል? ወላጆቻችሁ አብረዋችሁ የሚኖሩና እናንተ በግላችሁ ሠርታችሁ የምታድሩ ከሆነ፣ ቤተሰባችሁን ስታስመዘግቡ ወላጆቻችሁን እንደ ተጨማሪ አባል ማስመዝገብ ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። ያ የባጃጅ ልጅ የተነገረው ይኸው ነበር። ለብቻቸው የሚኖሩ ጡረተኞችም የጡረታ ደብተራቸውንና መታወቂያቸውን ይዘው ወደ መዝጋቢው ቢሮ ይቅረቡ፤ የሰፈር ወሬ ሰምተው ቤት አይቅሩ።

በእነዚህ ሦስት ከተሞች ሌላም ችግር አለ። የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ከብዷቸው የመጡ፣ ሰበታ ፋብሪካ ሊሠሩ ከሩቅ የመጡ፣ መርካቶ ውለው ቡራዩ የሚያድሩ ብዙ ናቸው። መድኑ በመኖሪያ ቦታ ስለሆነ የነዋሪነት መታወቂያ የሌለው ሰው አይመዘገብም። ስለዚህ መታወቂያ ማውጣቱን ለምዝገባው ሳምንት አታቆዩት። የፋብሪካ ሠራተኛ የሆናችሁ ወጣቶችም አንድ ነገር ዕወቁ፤ በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት የሕክምናውን ወጪ የሚሸፍነው አሠሪው ነው። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይህን ይደነግጋል። ለዚህ ጉዳት በመስጂድ ከመለመን በፊት መብታችሁን ጠይቁ።

ደብተር ሳይኖራችሁም በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ የሚሰጡ አገልግሎቶች አሉ፤ የእርግዝና ክትትልና ወሊድ፣ የሕፃናት ክትባት፣ የሳንባ ነቀርሳና የኤችአይቪ ሕክምና ከእነዚህ መካከል ናቸው። ገንዘብ የለኝም ብላ ቤት የምትወልድ እህት ካለች ይህ ይነገራት።

ጉድለቱንም አንሸሽግ

ደብተር ይዞ ሄዶ «መድኃኒቱ አልቋል፤ ከውጭ ግዛ» የተባለ ሰው ሲማረር ሰምተናል። ቅሬታው እውነት ነው። ወረፋው ረጅም ነው፤ መድኃኒት ይጠፋል፤ ሪፈር ለማግኘት ምልልስ አለ። ያለ ሪፈር በቀጥታ ወደ ትልቅ ሆስፒታል የሄደ ሰው ደግሞ ወጪው በራሱ ላይ ሊወድቅ ይችላል። በዚህ ተማርረው በዓመቱ ደብተራቸውን ሳያሳድሱ የቀሩ አሉ። እኔ ግን እላለሁ፦ የጎደለውን ክኒን ከኪስ መግዛት ሌላ ነው፤ የቀዶ ጥገናን ሙሉ ወጪ ከኪስ መክፈል ሌላ ነው። ቅሬታችንን ለጤና ጣቢያውና ለመድኑ ቢሮ እናቅርብ፤ ደብተሩን ግን አንጣል።

ጀማዓው ምን ያድርግ?

አስተውለን ከሆነ በየሰፈራችን ዕድር አለን። በየወሩ እናዋጣለን፤ ከፈኑ፣ ድንኳኑ፣ ለለቀስተኛው የሚቀርበው ምግብ ሁሉ አስቀድሞ ታስቦበታል። ለሞታችን እንዲህ የተዘጋጀን ሰዎች፣ ከሞት በፊት ለሚመጣው ሕመም ግን ኮፊያ እስኪዞር እንጠብቃለን! በአንድ ጁምዓ ለአንድ በሽተኛ የምንሰበስበው ገንዘብ በምዝገባው ወቅት ቢሰበሰብ ኖሮ የስንት ድሃ ቤተሰብ የዓመት መዋጮ በሆነ ነበር።

መክፈል ለማይችሉ አቅመ ደካሞች መንግሥት ይከፍላል፤ ዝርዝሩን የሚለየው ማኅበረሰቡ ነው። ስለዚህ ዝርዝሩ ሲወጣ የመስጂዱ ኮሚቴ ተገኝቶ የየቲሙን ቤት፣ ባሏ የሞተባትን እህት፣ ልጅ የሌላቸውን ሽማግሌ ያስታውስ። ዝርዝሩ ሁሉንም አይይዝም፤ የቀሩትን እኛ እንያዝ። ዘካም ቢሆን ለፈቂርና ለሚስኪን የተደነገገ ነው። የዘካ ገንዘብ በእጃቸው ተሰጥቷቸው እንዲመዘገቡ ማድረግ የሚቻልበትን መንገድ ኢማማችሁን ጠይቁ። ማንበብ የምትችሉ ወጣቶች ደግሞ በየቤቱ ዞራችሁ ለአባቶችና ለእናቶች ቅጹን ሙሉላቸው፤ ይህም ሶደቃ ነው።

በመጨረሻ ወደዚያ ልጅ ልመለስ። በቀጣዩ የምዝገባ ወቅት ቤቱ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት፤ አባቱም ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። ልጁ አቀርቅሮ ዝም አለ። አባት ግን፣ «ልጄ፣ ያለፈው በቀደር አልፏል፤ አሁን ከዚህ ሰውዬ ጋር ሂድና አስመዝግበን» አሉት። አብረን ሄድን። ተሰልፈን ሳለ ከፊታችንም ከኋላችንም የነበሩት ሰዎች አንድ በአንድ እኔ በዚያ ጊዜ የተጠየቅሁትን ያንኑ ጥያቄ ሲጠይቁኝ ዋሉ። በዚህ ጊዜ የመለስኩላቸው አጣርቼ ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) የታመሙትን ያሽርልን፣ ጤነኞቹን በጤና ያቆይልን፣ እርስ በርስ ከሚሸካከሙት ያድርገን፤ ያለ ዕውቀት ከመናገርም ይጠብቀን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።