ለደም ማነስ ኪኒኑ ወይስ በደም ሥር የሚሰጠው ብረት?

የደም ማነስ እንዳለባት ለተነገራት ነፍሰ ጡር ዛሬ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ከጤና ጣቢያ በነጻ የሚሰጠው፣ 60 ሚሊግራም ብረትና 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ የያዘው ኪኒን ነው። ሁለተኛው በደም ሥር በኩል የሚገባው፣ ሰው በአጭሩ «የብረት መርፌ» የሚለው ነው። ስለዚህ መርፌ የሚወራው ሁለት ጫፍ የያዘ ወሬ ነው። «አንዴ ተሰጣትና ደሟ ሞላ» የሚል አለ፤ «አለርጂ ያስነሳል፣ ሰው ይገድላል» የሚልም አለ። ሁለቱም ከእውነት ተነስተው ከልክ ያለፉ ናቸው። በእኔ አስተያየት ክርክሩ ከመጀመሪያው የሚበላሸው «የቱ ይበልጣል?» ተብሎ ሲጠየቅ ነው። መቅደም ያለባቸው ጥያቄዎች ሌሎች ናቸው፤ ለመውለድ የቀራት ጊዜ ስንት ነው? አንጀቷ ብረቱን ይቀበላል? ደሙስ ያነሰው በምን ምክንያት ነው? መርፌው የሚሰጥበት ክፍል ድንገተኛ ነገር ቢመጣ ምን ተዘጋጅቶለታል?

ከኪኒኑ እንጀምር። ርካሽ ነው፣ የትም ይገኛል፣ ባለሙያ ደም ሥር ፍለጋ አይቸገርም። ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ ጥቅምም አለው። ሰውነታችን የተረፈውን ብረት አውጥቶ የሚጥልበት መንገድ የለውም። በቀን የሚወጣው ከቆዳና ከአንጀት ሽፋን ጋር የሚረግፈው አንድ ወይም ሁለት ሚሊግራም ብቻ ነው። ስለዚህ ቁጥጥሩ ያለው በመግቢያው ላይ ነው። ጉበት የሚያመነጨው ሄፕሲዲን የተባለ ሆርሞን እንደ በረኛ ቆሞ፣ ብረት ሲበዛ ወይም ኢንፌክሽን ሲኖር የአንጀትን በር ይዘጋል፤ ሲጎድል ይከፍታል። ኪኒን የሚውጥ ሰው በዚህ በር በኩል ነው የሚገባው። በደም ሥር የሚሰጠው ግን በሩን አልፎ ይገባል፤ ጉልበቱም አደጋውም ከዚሁ ይመነጫል።

ኪኒኑ ይህን ያህል ጥሩ ከሆነ ለምን አልሠራም? እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 24 በመቶው የደም ማነስ እንዳለባቸው አሳይቷል። ከዚያ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ 17 በመቶ ነበር። በዚያው ዳሰሳ በመጨረሻው እርግዝናቸው ምንም ያህል የብረት ኪኒን የወሰዱት 42 በመቶ ያህል ሲሆኑ፣ 90 ቀንና ከዚያ በላይ የወሰዱት ግን 5 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። ይህን ያየ ሰው «ኪኒን አይረባም» ለማለት ይቸኩላል። ያልተዋጠ ኪኒን ረባ አልረባ ሊባል አይችልም።

ለምን እንደማይዋጥ የሚያውቁት የሚውጡት ናቸው። ያቅለሸልሻል፣ ሆድ ያደርቃል፣ አፍ ላይ የብረት ጣዕም ይተዋል። ዓይነ ምድር ሲጠቁር አስቀድሞ ያልተነገራት ሴት ትደነግጣለች፤ ውስጧ የደማ ይመስላታል። «ልጁን ያተልቀውና ምጥ ያከብድብኛል» የሚል ፍርሃትም አለ። ይህ ሁሉ በአሥር ደቂቃ ምክር ሊቀል የሚችል ነገር ነው፤ በተጨናነቀ የእርግዝና ክትትል ክፍል ግን ያቺ አሥር ደቂቃ አትገኝም።

ከዚያ ደግሞ ቡናው አለ። ይህን ጉዳይ ረዘም አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፤ በእኛ ቤት ኪኒኑ የሚረሳው ወይም የሚታወሰው ከቡና ጋር ነውና። ጠዋት ቁርስ ቀርቦ፣ ጀበናው ወርዶ፣ አቦል ሲቀዳ «ኪኒንሽን ዋጥሽ?» ትላለች እናት። ልጅቱም በቡናው ትውጠዋለች። ዙሪክ ውስጥ ብረት ባነሳቸው ሴቶች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ጥናት 100 ሚሊግራም ብረት በቡና ሲወሰድ ወደ ሰውነት የሚገባው መጠን በውሃ ከተወሰደው በ54 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ቁርሱም ቡናውም አብረው ሲሆኑ ቅነሳው 66 በመቶ ደርሷል። በቫይታሚን ሲ ሲወሰድ ግን በ30 በመቶ ጨምሯል። እንግዲህ በየቀኑ ሳታጓድል የዋጠች ሴት ከኪኒኑ ያገኘችው ሲሶውን ብቻ ሊሆን ይችላል። ሄሞግሎቢኗ አልነሳ ሲል ደግሞ «አትወስድም» ተብላ ትወቀሳለች። ሻይም ቢሆን ያው ነው። ማንም ቡና ተዪ አይበላት፤ ኪኒኑን ጠዋት በባዶ ሆድ በውሃ ወይም በብርቱካን ጭማቂ ትዋጥ፣ ቡናው አንድ ሁለት ሰዓት ይቆይ።

«ጤፍ እየበላን ደም እንዴት ያንሰናል?» የሚሉም አሉ። ጤፍ ብረት አለው፤ የተወሰነው ግን በአውድማ ላይ ከአፈር የተቀላቀለ ነው። በእህሉ ውስጥ ያለው ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገር ብረቱን ይዞ አይለቅም፤ ሊጡ በደንብ ሲቦካ ይሻሻላል እንጂ ጨርሶ አይጠፋም።

የመጠኑ ጉዳይም ተለውጧል። ለረጅም ዘመን ሐኪሞች ደሙ በጣም ላነሰ ሰው በቀን ሁለት፣ ሦስት ጊዜ ያዝዙ ነበር። ባለፉት ዓሥር ዓመታት ከስዊዘርላንድ የወጡ ጥናቶች አንድ ኪኒን ከተዋጠ በኋላ ሄፕሲዲን ለ24 ሰዓት ያህል ከፍ እንደሚልና ቀጥሎ የሚመጣው ኪኒን በተዘጋ በር ላይ እንደሚደርስ አሳይተዋል። በየሁለት ቀኑ አንዴ የሚወሰደው ከእያንዳንዱ ኪኒን የበለጠ ያስገባል፤ ሆድንም ያሳርፋል። እኔ እንደማምነው «ኪኒን አልተስማማኝም» ከሚሉት ብዙዎቹ መጠኑ ቢቀነስላቸው መርፌ ባላስፈለጋቸው ነበር።

አሁን ወደ መርፌው። ለምሳሌ አይረን ሱክሮስ የሚባለው በትንሽ ጠርሙስ የሚመጣ፣ የጠቆረ ቡናማ ፈሳሽ ነው። እያንዳንዷ 100 ሚሊግራም ትይዛለች። ነርሷ ሁለቷን ሰብራ በኖርማል ሳላይን ትበጠብጠውና ቡና የመሰለው ፈሳሽ በጠብታ ይወርዳል። የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ከታካሚዋ አጠገብ ቆማ ፊቷን ታያለች፣ የደም ግፊቷን ትለካለች። «ክንድሽ ላይ ካቃጠለሽ ቶሎ ንገሪኝ እሺ እናቴ» ትላታለች፤ መርፌው ከደም ሥር ወጥቶ ፈሳሹ ሥጋ ውስጥ ከገባ ቆዳው ላይ የሚተወው ቡናማ ምልክት ለወራት፣ አንዳንዴም ለዘለቄታው አይለቅምና።

የመርፌው ደጋፊዎች ጠንካራ ማስረጃ ቀላል ስሌት ነው። 55 ኪሎ የምትመዝን፣ ሄሞግሎቢኗ 8 የሆነ ሴትን 11 ለማድረስና ለመጠባበቂያም ለመተው፣ ሐኪሞች በሚጠቀሙበት ቀመር ወደ 900 ሚሊግራም ብረት ያስፈልጋታል። ከአንድ 60 ሚሊግራም ኪኒን 10 ሚሊግራም ያህል ቢገባላት ይህን ለማግኘት ሦስት ወር ይፈጅባታል። አራተኛ ወሯ ከሆነ ጊዜ አላት፤ ኪኒኑን ትጀምር። ስምንተኛ ወሯን ጨርሳ የመጣች ከሆነ ግን የቀራት አንድ ወር ነው፤ በአንድ ወር የምታገኘው ከሦስት እጅ አንዱን ነው። ለዚህች ሴት «መጀመሪያ ኪኒኑን ሞክሪ» ማለት ጊዜዋን መብላት ነው። በወሊድ ጊዜ ደም ቢፈሳት ሌላዋ የምትችለውን እሷ አትችለውም። ሆኖም መርፌውም በአንድ ሌሊት ደም አይሞላም። ብረቱ ወደ መቅኔ ሄዶ ቀይ የደም ሴል እስኪሆን ሳምንታት ያስፈልጉታል። ምጧ በቀናት ውስጥ ከሆነ የሚያድናት ደም በተዘጋጀበት ሆስፒታል መውለዷ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት እርግዝና ደግሞ መርፌው አይሰጥም።

እዚህ ላይ የአፍሪካ ጥናቶች ያመጡት ውጤት ሊሸሸግ አይገባም። ማላዊ ውስጥ ከ860 በላይ ነፍሰ ጡሮች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመው ጥናት አንዴ የሚሰጠውን ፌሪክ ካርቦክሲማልቶስ የተባለ የብረት መርፌ ከኪኒን ጋር አነጻጽሮ፣ በ36ኛው ሳምንት በደም ማነስ መጠን ላይ አሳማኝ ልዩነት አላገኘም። የልጆቹ ክብደትም አልተለያየም። ናይጄሪያ ውስጥ፣ በሌጎስና በካኖ፣ ከ1,000 በላይ ሴቶች ላይ የተደረገውም ተመሳሳይ ነገር ነው ያመጣው። በሁለቱም ግን መርፌውን ያገኙት ሴቶች የብረት ክምችት በግልጽ የተሻለ ነበር።

ይህን ለመርፌው ሽንፈት አድርገው የሚያነቡት አሉ። እኔ ሁለት ነገር አያለሁ። አንደኛ፣ የደም ማነስ ሁሉ የብረት እጥረት አይደለም። ወባ፣ ሌላ ኢንፌክሽን፣ የሌሎች ንጥረ ነገሮች እጥረትም አለበት፤ ብረት ብቻውን ያንን አያነሳም። ሁለተኛ፣ በጥናት ውስጥ ያለች ሴት ኪኒኑ ይሰጣታል፣ ትከታተላለች፣ ትጠየቃለች። ኪኒኑ ለሁለት ወር ከመጋዘን የጠፋበት ጤና ጣቢያ የምትሄደዋ ሴት እንዲህ ዓይነት ኪኒን አይደለም ያላት። የጥናቱ ውጤት መርፌውን ለሁሉም እናዳርስ የሚሉትን ይገታል፤ ኪኒኑን በጥናቱ ልክ ማድረስ እንዳለብንም ይነግረናል። ሁለተኛውን የሚያነሳው ሰው ጥቂት መሆኑ ያሳዝነኛል።

ስለ አለርጂው ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ ይሰጥ የነበረው የድሮው አይረን ዴክስትራን ከባድ አለርጂ አስነስቶ ሰው ገድሏል። የዛሬዎቹ ሌሎች ናቸው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ሰፊ ጥናት ለመጀመሪያ ጊዜ ከወሰዱት መካከል ከባድ አለርጂ በዴክስትራን ከ100,000 ሰው 68ቱን፣ በሌሎቹ 24ቱን እንደያዘ ቆጥሯል። ብርቅ ነው፤ ዜሮ ግን አይደለም። የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2013 መርፌው የሰለጠነ ባለሙያና የነፍስ ማዳኛ ዕቃ ባለበት ብቻ እንዲሰጥ፣ ታካሚውም ከጨረሰ በኋላ 30 ደቂቃ እንዲቆይ ያዘዘው ለዚህ ነው። በየሰፈሩ ክሊኒክ፣ አድሬናሊን በሌለበት ክፍል «አይረን እንሰካለን» መባሉን የምቃወመው በዚሁ ምክንያት ነው። በሌላ በኩል ደረት ጨምደድ አድርጎ፣ ፊት አቅልቶ፣ ግፊት ሳይወርድ በደቂቃዎች የሚያልፍ ቀላል ምልክትም አለ። ጠብታውን አቁሞ መጠበቅ ይበቃዋል፤ እሱን ከከባዱ ጋር አምታቶ ሴቲቱን «አለርጂክ ነሽ» ብሎ ለዘላለም ማገድ ሌላ በደል ነው።

ብዙም የማይወራው ጉዳት በደም ውስጥ ያለው ፎስፌት መውረድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጡ ሁለት ተመሳሳይ ጥናቶች ፌሪክ ካርቦክሲማልቶስ ከወሰዱት 75 በመቶ ያህሉ፣ ፌሪክ ዴሪሶማልቶስ የተባለውን ሌላ የብረት መርፌ ከወሰዱት ደግሞ 8 በመቶ ያህሉ ፎስፌታቸው ወርዷል። አብዛኛው ጊዜ ያልፋል፤ መርፌውን እየደጋገመ የሚወስድ ሰው ግን አጥንቱ ሊጎዳ ይችላል። ኢንፌክሽንም አለ፤ ከ150 በላይ ጥናቶችን የገመገመ ሥራ የኢንፌክሽን አደጋው በመጠኑ ከፍ እንደሚል አግኝቷል። ትኩሳት ያለበትን ሰው መጀመሪያ ከትኩሳቱ ማዳን የሚገባው ለዚህ ነው።

ኪኒኑ ከናካቴው የማይወዳደርባቸው ሰዎች ላይ ብዙ መከራከር አያስፈልግም። ዲያሊስስ ላይ ያሉ የኩላሊት ሕመምተኞች፣ አንጀታቸው የቆሰለ፣ ጨጓራቸው በቀዶ ሕክምና የተቀነሰ መርፌውን ይፈልጋሉ። የልብ ድካም ላለባቸው በደም ሥር የሚሰጠው እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በጥናት ጠቅሟቸዋል፤ ኪኒኑ በ2017 ተሞክሮ አልረዳም።

የወጪው ነገርም ቀላል አይደለም። አይረን ሱክሮስ በአንድ ጊዜ 200 ሚሊግራም ስለሚሰጥ ያቺ 900 የሚያስፈልጋት ሴት አራት አምስት ጊዜ መመላለስ አለባት፤ ትራንስፖርቱ፣ የቀረው ሥራ፣ ልጆቹን የሚይዝላት ሰው ሁሉ ዋጋ ነው። በአሥራ አምስት ደቂቃ 1,000 ሚሊግራም የሚሰጠው ምልልሱን ያስቀራል፤ ራሱ ግን ውድ ነው። ከሩቅ ወረዳ ለምትመጣ ሴት ውዱ መርፌ ሊረክስ ይችላል፤ ይህን ስሌት መድኃኒት የሚገዙ መሥሪያ ቤቶች ከጠርሙሱ ዋጋ ጋር አብረው ቢሠሩት እወዳለሁ።

ከሁሉ በላይ የሚያሰጋኝ ግን መርፌው ሥራውን በደንብ ሲሠራ ነው። ብረት የጎደለው ሰው በአንድ በኩል ብረቱ እየሄደበት ነው፤ በእርሻ በባዶ እግሩ የሚውለው በመንጠቆ ትል፣ ሴቲቱ በማዮማ ወይም በበዛ የወር አበባ፣ ሌላው በጨጓራ ቁስል። የስድሳ ዓመት ሰው፣ ወይም የወር አበባዋ የቆመ ሴት፣ ያለ ምክንያት ብረት አይጎድላቸውም፤ ከጨጓራ ወይም ከትልቁ አንጀት እየደማ ያለ ካንሰር ሊሆን ይችላል። ኪኒኑ ሳይሠራ ሲቀር ቢያንስ ሰውየው ተመልሶ ይመጣል። መርፌው በወሩ ሄሞግሎቢኑን ያነሳለታል፣ ድካሙ ይለቀዋል፣ ምርመራውንም ይተወዋል። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ሰው መርፌው በሚታዘዝበት ቀን የኢንዶስኮፒና የኮሎኖስኮፒ ማዘዣም አብሮ ተጽፎ በእጁ መግባት አለበት፤ ቀጠሮውም ከሁለተኛው ጠብታ በፊት ቢሆን ይመረጣል።