ልብስ በታዛ ይድረቅ፣ ቁም ሳጥንም አየር ያግኝ



በዚህ ወር አምዳችን የምናነሳው ጉዳይ በየቤታችን በየቀኑ የሚያጋጥመን፣ ነገር ግን ተቀምጠን የማንወያይበት ነው። በጠባብ ቤት ውስጥ ልብስ የት ይታጠብ? የት ይድረቅ? የትስ ይቀመጥ? ነገሩ ተራ ይመስላል። ይሁን እንጂ የልብስ ንጽሕና ለሰላት ከሚያስፈልጉ ቅድመ ሁኔታዎች አንዱ ነው። የልጆቻችን ጤናም በቤታችን አየር ላይ የተመሠረተ ነው። ልብስ ለማድረቅ ተብሎ በተዘጋ ቤት የሚቀጣጠል ከሰል ደግሞ ሕይወት ያጠፋል።

ቦንጋንና የካፋን ምድር እንመልከት። ቦንጋ ከባሕር ወለል በላይ 1700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ ደን የከበባት ከተማ ናት። የካፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ይህን ደን ያቆመው ዝናብ ነው። በአካባቢው በዓመት ከ1500 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል። ዝናቡም በክረምት ብቻ ሳይወሰን ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ለቡናው፣ ለማሩና ለእንሰቱ በረከት የሆነው ይህ ዝናብ ታጥቦ ለተሰጣ ልብስ ግን ፈተና ነው። ጠዋት በፀሐይ የተሰጣ ልብስ ከሰዓት በኋላ እየተሮጠ ይሰበሰባል። በመጨረሻም አልጋው፣ ወንበሩና የበሩ መቃን ሁሉ የልብስ ማስጫ ይሆናሉ።

ውሃው ወዴት ይሄዳል?

ከእርጥብ ልብስ የሚወጣው ውሃ አይጠፋም፤ ወደ አየር ይገባል። በእጅ ተጨምቆ በክፍል ውስጥ የተሰጣ የአንድ ቤተሰብ ልብስ ቢያንስ ሁለት ሊትር ውሃ ወደ ቤቱ አየር ይለቃል። መስኮቱ ከተዘጋ ይህ ውሃ ማታ ቀዝቃዛውን ግድግዳና የቁም ሳጥኑን ጀርባ ይዞ ያድራል፤ ከዚያም ሻጋታ ይበቅላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ እርጥበትና ሻጋታ ባለባቸው ቤቶች የሚኖሩ ሰዎች ለአስምና ለሌሎች የመተንፈሻ አካል ሕመሞች ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን ገልጿል። ስለዚህ ልጃችን ሌሊት ሌሊት ቢያስል ወደ ሐኪም ከመውሰዳችን ጋር የቁም ሳጥኑን ጀርባም እንመልከት።

ከሁሉ የከፋው ግን ለቡና በተቀጣጠለው ከሰል ላይ ልብስ ሰቅሎ በርና መስኮት መዝጋት ነው። ከሰሉ ቀልቶ ጭሱ ሲጠፋ «አሁንስ ጠራ» እንላለን። ዳሩ ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው መርዛም ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከቀላ ከሰልም ይወጣል። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ስለሚይዝ የተኛ ሰው ሳይነቃ ሊሞት ይችላል። የነገ ዩኒፎርም አለመድረቁ ለዚህ አደጋ ምክንያት ሊሆን አይገባም።

ታዛውን እንጠቀምበት

ለእርጥብ ልብስ የተሻለው ቦታ ከጣሪያ በታች፣ ከቤት ውጭ ያለው ታዛ ነው። ዝናብ አይነካውም፤ ነፋስ ግን ያገኘዋል። ልብስ የሚደርቀው በፀሐይ ብቻ ሳይሆን በሚንቀሳቀስ አየርም ነው። ታዛው አጭር ከሆነ አንድ ሁለት ቆርቆሮ ጨምሮ ማስረዘም ይቻላል። ቤቱ የኪራይ ከሆነ ከአከራይ ጋር ተነጋግሮ መስማማት ያስፈልጋል። ካፋ የቀርከሃ አገር ስለሆነ ለመስቀያ የሚሆን ቀላል እንጨት አይጠፋም። ልብስ በልብስ ላይ አይደራረብ፤ በመካከላቸው አንድ ጭብጥ ያህል ክፍተት ይኑር። ሱሪ ተገልብጦ በወገቡ በኩል ቢሰቀል ኪሱ ቶሎ ይደርቃል። የተጨመቀውን ልብስ በደረቅ ፎጣ ጠቅልሎ እንደገና መጭመቅም ብዙ ውሃ ያወጣል። ታዛ ፈጽሞ ከሌለ ልብሱ በአንድ ክፍል ብቻ ይሰቀል፤ ፊት ለፊት ያሉ መስኮትና በር ይከፈቱ።

ቁም ሳጥኑ

ሦስት በአራት ሜትር በሆነ የኪራይ ክፍል ውስጥ አንድ አልጋና አንድ ቁም ሳጥን አለ እንበል። የቁም ሳጥኑ በር 50 ሳንቲ ሜትር ስፋት ካለው ለመከፈት ያንኑ ያህል ባዶ ወለል ይፈልጋል። አልጋው ይህን ቦታ ስለሚይዝበት በሩ በግማሽ ብቻ ይከፈታል፤ እናትም እጇን በጭላንጭል አስገብታ ትፈልጋለች። መፍትሔው ሌላ ቁም ሳጥን መግዛት አይደለም። በሩን ነቅሎ መጋረጃ ማድረግ ብቻ ይበቃል። መጋረጃ ቦታ አይፈልግም፤ አየርም ያሳልፋል።

በአሜሪካ ቤት በተሠራለት መኪና ውስጥ የሚኖሩ ቤተሰቦች አሉ። የመኪናው ወርድ ባብዛኛው ከሁለት ሜትር ተኩል ብዙም ስለማይበልጥ፣ ልብሳቸውን የሚያስቀምጡት ሳንቃው ወደ ላይ ከሚነሳ አልጋ ሥር ነው። እኛም ከአልጋ ሥር የምናስገባውን ሻንጣና ካርቶን ከመሬት በጣውላ ከፍ ብናደርገው ብዙ ቦታ እናተርፋለን።

በመስቀያ ለሚንጠለጠል ልብስ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያስፈልጋል፤ ለሚታጠፍ ልብስ ግን 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው መደርደሪያ ይበቃል። ስለዚህ በጠባብ ቤት ማጠፍ ይመረጣል። ቁም ሳጥኑ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ይራቅ፤ እግሩም በጡብ ከፍ ይበል። ጥቂት እንኳ እርጥበት ያለው ልብስ ፈጽሞ አይግባበት። የሻገተ ልብስ ነጃሳ ነው ማለታችን አይደለም፤ ነገር ግን በሰፍ አጠገባችን ለቆመው ሰው ሽታው ያስቸግራል።

የማጠቢያው ቦታ

ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ይመዝናል። ይህን ተሸክመው የሚመላለሱት ብዙ ጊዜ እናቶችና እኅቶች ናቸው። በካፋ ግን ውሃው ከጣሪያችን ላይ ይወርዳል። አምስት በስድስት ሜትር በሆነ የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 600 ሊትር ይሆናል፤ ይህም ሦስት በርሜል ነው። ጥቂቱ ቢባክን እንኳ አንድ አሸንዳና አንድ ክዳን ያለው በርሜል የሳምንቱን የማጠቢያ ውሃ በአብዛኛው ይሸፍናሉ።

ከበርሜሉ አጠገብ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይነጠፍ፤ ሳፋውም ወገብ በማያጎብጥ ከፍታ ላይ ይቀመጥ። የሕፃን ሽንት ወይም ሌላ ነጃሳ የነካው ልብስ ከሌላው ጋር ከመዘፍዘፉ በፊት ለብቻው በንጹሕ ውሃ ይለቅለቅ። የሳሙናው እጣቢ በጠጠር በተሞላ ጉድጓድ ይፍሰስ እንጂ ወደ ጎረቤት አጥርም ሆነ ወደ ምንጭ አይሂድ። የጎረቤት ሐቅ ከባድ ነውና።

ወጣት ወንድሞቻችን ሆይ! ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ልብሳቸውን ራሳቸው ይጠግኑ፣ ቤተሰባቸውንም በቤት ሥራ ያግዙ እንደነበር እናውቃለን። እንግዲያውስ አሸንዳ መስቀል፣ ቀርከሃ መትከል፣ የራስን ልብስ አጥቦ ማስጣት ለእናትና ለእኅት ብቻ የሚተው ሥራ አይደለም። በዚህ ሳምንት አንዱን ብቻ መርጣችሁ ሥሩ፤ የቁም ሳጥኑን ጀርባ በማየትም መጀመር ትችላላችሁ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።